ከሰዓዳ ስም ጎን የተጻፈው ቃል

በመጀመሪያ በደሉ ይመዝገብልኝ፤ ትዝታው ራሱ ይከተላል። ኮምቦልቻ ውስጥ የቀድሞ የፈትል ሠራተኞች ማኅበር አለ። ማኅበሩ በኢንተርኔት አንድ ገጽ አውጥቶ የሠራተኞቹን ስም በተራ ደርድሯል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ትንሽ ቀስት አለች፤ ሲነኳት ባለስሙ በገዛ ድምፁ ያወራል። ከእህቴ ከሰዓዳ ስም ጎን ግን ቀስት አልነበረም። «የተበላሸ» የሚል ቃል ነበር የተጻፈው። የጻፈው ሰው ክፉ አላሰበም ይሆናል። እኔ ግን ያንን ቃል ከእህቴ ስም ጋር ሳገኘው የመጀመሪያዬ አይደለም። በፊተኛው ጊዜ በአፍ ነበር የዞረው፤ አሁን ተጻፈ። ለተጻፈ ነገር መልሱም ተጽፎ መቀመጥ አለበት ብዬ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

ዘምዘም እባላለሁ፤ ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ፊደል የቆጠርሁት አግብቼ ከወለድሁ በኋላ፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ደብተር ይዞ መሠረተ ትምህርት ሲሄድ ነው። ከዚያ በላይ አልተማርሁም። የልጅ ልጆቼ «የሰፈሩ ጠበቃ» ይሉኛል፤ ቦኖ ላይ ሰው የሰው ተራ ሲነጥቅ እንኳ ካየሁ አልፌ መሄድ አልችልም። ሰዓዳ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። የተወለድነው በኩታበር በኩል፣ ገበሬዎች መንደር ውስጥ ነው። እኔ ለደሴ ልብስ ሰፊ ተዳርሁ። እሷ ሳትዳር ኮምቦልቻ ወርዳ ፈትል ፋብሪካ ገባች፤ እዚያው አረጀች፣ እዚያው ሞተች። አላህ ይርሐማት።

ነገሩ የተነሣው በማኅበሩ የምሥረታ በዓል ቀን ነው። የሟች ቤተሰብ ተብዬ ተጠርቼ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አዳራሹን ሞልተውታል፤ ዱላው፣ ነጠላው፣ ሳሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ይመር፣ ድሮ በፈትል ክፍሉ ፎርማን የነበረው፣ ግድግዳው ላይ ባበሩት ትልቅ ስክሪን ገጹን ከፍቶ ድምፆቹን አንድ በአንድ ማሰማት ጀመረ። አንዷ ስለ ፈረቃ አውቶቡስ ታወራለች፤ አንዱ እንዴት ጥጥ ክምር ላይ ተኝቶ እንደተያዘ ይናገራል፤ ሰዉ ይስቃል፣ ያለቅሳል። እኔ የምጠብቀውን አውቃለሁ። የእህቴ ድምፅ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ «ወዓለይኪ ሰላም» ሲላት ልሰማ ነው የመጣሁት።

ጋሽ ይመር «ቀጥሎ ሰዓዳ» ብሎ፣ ቀስት ስለሌለ ስሟን ነካው። ድምፅ የለም። ስክሪኑን አንድ ዓይነት ቅራቅንቦ ሞላው፤ ባዶ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት፣ የማንም አገር ያልሆነ ፊደል፣ ዶሮ ቀለም ረግጣ የሄደችበት ይመስል እስከ ታች ድረስ።

«ይሄ ተበላሽቷል» አለ ጋሽ ይመር። «ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ድሮውንስ!» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። ተነሣሁ።

«ማነው እሱ? ወንድ ከሆንህ ቆመህ ድገመው!»

«ዘምዘም፣ ተይ እስቲ፣ በዓል ነው» አለኝ ጋሽ ይመር።

«የማን በዓል? እህቴ እዚህ ቤት እድሜዋን አልጨረሰችም?»

«እኔ አልኩት እንዴ? ማሽኑ ነው እኮ።»

«የሳቀውም ማሽኑ ነው?»

ጋሽ ይመር መጥፎ ሰው አይደለም፤ ከመድረክ ወርዶ እጄን ይዞ ወደ በረንዳ አወጣኝ። የሌሎቹን ድምፅ ማኅበሩ ራሱ በመቅረጫ እየዞረ እንደቀዳው፣ ሰዓዳ ግን መቅረጫው ሳይደርስላት ስለሞተች የሷ ከኔ ስልክ የተወሰደ የድምፅ መልእክት እንደሆነ አስታወሰኝ። «እና ከስልክ የመጣ ነገር መንገድ ላይ ይበላሻል፤ ምን ይደረግ?» አለ። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው የገደለኝ። የማይሠሩትን በሚቀጥለው ሳምንት ከገጹ ሊያጠፏቸው ነው፤ ደሴ ያሉት የገጹ ባለሙያ «ቦታ ያዙብን» ብለዋል አለኝ።

ሌላ ቅጂ የለኝም። ስልኬ በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ፣ የደሴ ሰው በእግሩ ሐረጎን ቁልቁል በወረደበት ጊዜ፣ ከቤቱ ዕቃ ጋር ሄደ። ቤቴ ስመለስ በሩ እንኳ አልነበረም። ለዕቃው አላዘንሁም። ስልኩ ውስጥ ግን እህቴ ነበረች፤ ከሱ የቀረችው ማኅበሩ ቀድሞ የወሰዳት ያቺ አንዷ መልእክት ብቻ ናት። እሷን ነው ሊያጠፏት የሚሉት፣ ተበላሽታለች ብለው። እኔ ደግሞ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ ደጋግሜ፣ ስልኩ እስኪሞቅ ድረስ። ድምፁ ደህና እንደነበር ከአላህ በታች እኔ ነኝ ምስክሩ።

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ጆሮዬ እንደ ድሮው ተደፈነ፤ በተደፈነ ጆሮ ውስጥ ያለፈው ነገር ሁሉ ይሰማል። ያን ጊዜ ይህን ዳገት የምንወጣው በቅጥቅጥ ነበር፣ ዶሮና የቆርቆሮ ሳጥን ታቅፈን፤ ረዳቱ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ እያፏጨ። ከደሴ ስንነሣ ወፍራም ጋቢ ለብሰን፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢውን ጠቅልለን ብብታችን ሥር እንይዘው ነበር፤ ቆላው ይሞቃል። ሰዓዳ የምትጠብቀኝ ከፋብሪካው በላይ ካለው የሻይ ቤት ደጃፍ፣ የወይራው ጥላ ሥር ነው። በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ይገኝ ነበር፤ ቦምቦሊኖው ከላይ ስኳሩ እስኪረግፍ። አሁን በዚያው ቦታ የሞባይል ካርድና የሕንድ ሽቶ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ወይራው ተቆርጧል፣ ጉቶው ላይ ሚዛን ይዘው ሰው የሚመዝኑ ልጆች ይቀመጣሉ። ሰዓዳ ያን ጊዜ አበባ ያለበት ቴትሮን ቀሚስ ከጉልበት በታች፣ ከላዩ ነጭ ሻሽ፣ ከእግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ ታደርጋለች። ደመወዝ የተቀበለች ቅዳሜ ደሴ ትመጣና ፒያሳ እንወጣለን፤ ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያስጮሃል፣ እሷ የሰማችውን ዘፈን ቤት እስክንደርስ ግጥሙን ለውጣ ትጨርሰዋለች። ቤቴ ስትገባ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታዋ ነው፤ የጥጥ ብናኝና የማሽን ዘይት። ባሌ፣ አላህ ይርሐመው፣ ከመርፌው ቀና ሳይል «ፋብሪካዋ መጣች» ይል ነበር። እሷም «ልብስ ሰፊ ያለ ክር ምን ይሆናል? እጄን ሳመኝ!» ትለዋለች።

ሥራዋ ክር መቀጠል ነበር። ፈትሉ እየተሽከረከረ ክሩ ይበጠሳል፤ እሷ እየሮጠች የተበጠሰውን ጫፍ ከነፋሱ ውስጥ ለይታ ይዛ፣ በሁለት ጣት አሽታ፣ ከሌላው ጋር ታጋጥመዋለች። ያ ሁሉ መስመር በሷ ዓይን ሥር ነው። ማሽኑ አይቆምላትም። «ዘምዘሜ፣ ቋጠሮው ከታየ አልቀጠልሁትም ማለት ነው» ትለኝ ነበር። የማይታይ ቋጠሮ ነበር የምትሠራው።

የኩታበሩ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። አያ ሙሄ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር፣ የአባታችን ጎረቤት። አንድ ንጋት ላይ ኮምቦልቻ በቅሎውን እየነዳ ሲገባ ሰዓዳን አያት። ከማታ ፈረቃ መውጣቷ ነው። ጓደኞቿ አብረዋት አሉ፤ ሁሉም ሰማያዊ ጋወን ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ማሽን እንዳይዘው በቆብ ሸፍነዋል፣ እየተሳሳቁ በቦርከና ድልድይ ይሻገራሉ። አያ ሙሄ እንዲህ ያለ ልብስ ለብሳ በዚያ ሰዓት ከመንገድ የምትገኝ ሴት አይቶ አያውቅም። የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ስም ጠራው። መንደር ደርሶ ለአባቴ «ሰዓዳ ተበላሽታለች» አለው። ያቺ ቃል ከአፉ ስትወጣ ትንሽ ነበረች፤ ዓርብ ለሰላት የመጣው ሰው ሁሉ አንዳንድ ጉርሻ ጨምሮባት ወደ ቤቱ ገባ። ሊያገባት ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ ነበር፤ እነሱም ቀሩ።

እኔ ወሬው ደሴ ሲደርሰኝ እርጉዝ ነበርሁ። በጭነት መኪና ኩታበር ወጣሁ። አባቴ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ሙስበሃውን ይቆጥራል።

«አባ፣ ሰዓዳ ተበላሽታለች ያለው ማነው?»

«ሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ አላየም። ማን አየ?»

«ሙሄ።»

አያ ሙሄ ቤት ሄድሁ። «አያ ሙሄ፣ ምን አየህ?» አልሁት።

«ሰማያዊ ለብሳ፣ ቆብ ደፍታ፣ በንጋት ስትስቅ።»

«የፋብሪካ ልብስ እኮ ነው! ሠራተኛ ናት!»

«እኔ እንዲህ ያለ ልብስ አላውቅም፣ ልጄ። የማላውቀውን ምን ልበለው?»

«አላውቅም አትልም?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። ሰው አላውቅም ማለት ያፍራል መሰል፤ ስም ከሚያጣ የሰው ልጅ ስም ቢያጠፋ ይሻለዋል። ወደ አባቴ ተመልሼ ነገሩን አስረዳሁት፤ ጋወኑን፣ ቆቡን፣ ፈረቃውን። ሁሉንም ሰማኝ። «አንድ ጊዜ ተብሏል» አለ። ወደ ሙስበሃው ተመለሰ።

በዚያ ዓመት ለዓረፋ ሰዓዳ መንደር ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርሁ። ለአባታችን ጣቃ አቡጀዲ ይዛለታለች፤ ሜትሩ ብር በማይሞላበት ዘመንም ቢሆን ለሷ ብዙ ነበር። ከአጥሩ በር ቆማ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ» አለች። አባቴ ሰማት። ሰላምታ መመለስ ግዴታ መሆኑን ለኛ ያስተማረን እሱ ነው። ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረ። ደግማ አለችው። እናታችን ከጓዳ ሆና አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። ሰዓዳ አቡጀዲውን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች፤ እስከ መኪናው መንገድ አላለቀሰችም፣ እኔ ነበርሁ የማለቅሰው። መኪና ስንጠብቅ ግን «ቋጠሮው ታየ፣ ዘምዘሜ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ሐረጎ ላይ አስቤ፣ ደሴ ስገባ ወደ ቤቴ አልሄድሁም። የገጹን ባለሙያ ፍለጋ በቀጥታ አራዳ ወጣሁ።

ባለሙያዋ ተዋበች ትባላለች፤ ወደ አምሳ የምትጠጋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት። ገጹን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ሲሄድ እሷ ተረከበችው። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በላይ ካለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። አንድ ጠባይ አላት፤ ዕቃውን ሁሉ በሴት ነው የምትጠራው። ገና ስገባ ኮምፒውተሩን በመዳፏ እየመታች «ይቺ ዛሬ አኩርፋብኛለች፣ ይቀመጡ እማማ» አለችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ላይ የሰለቸው ሰው ትሕትና መጣ።

«እማማ፣ የተበላሸች ፋይል አትጠገንም። እኔም ስንት ጊዜ ደርሶብኛል። ያሳዝናል፣ ግን ሌላ ቅጂ ከሌለ አለቀ።»

«አልተበላሸችም።»

«አይተዋታል እኮ፣ በአዳራሹ።»

«ያየሁት ፊደል ነው። እህቴ ፊደል አይደለችም። መበላሸቷን ማን ነገረሽ?»

«እኔማ ከፊተኛው ልጅ ነው የተረከብሁት፤ ‹የተበላሸ› ብሎ አስቀምጧታል።»

«እሱንስ ማን ነገረው?»

«ስክሪኗ ላይ አይቶ ነው።»

«ስክሪኑንስ ማን ነገረው?»

ሳቀች። «እማማ፣ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?»

«አልነበርሁም። የሚመልስልኝ ሰው እስካገኝ ግን ከዚህ ወንበር አልነሣም፤ ወላሂ አልነሣም። ብትፈልጊ ከነወንበሩ አውጪኝ።»

«ወንበሯ የኪራይ ናት፤ እሷንስ አይንኩብኝ» አለች፤ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «እስቲ ስሟን ልያት» ብላ አንድ ነገር ነካካች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። 

«ሌሎቹ ሁሉ ኤም ፒ ስሪ ናቸው። ይቺ ኦፐስ ናት።»

«ምን ማለት ነው? የሷ ስም ሰዓዳ ነው።»

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። የነገረችኝን እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ፋይል ሁሉ ከስሙ መጨረሻ ነጥብ አለው፤ ከነጥቡ በኋላ ጥቂት ፊደሎች ይመጣሉ። ቅጥያ ይሉታል። ሥዕል የራሱ ቅጥያ አለው፣ ድምፅም የራሱ፣ ጽሑፍም የራሱ። ገጹ የሚቀመጥበት ሌላ ኮምፒውተር አለ፣ ሰርቨር የሚባል፣ በር ላይ ቆሞ ለጠያቂ የሚያድል። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲሰጥ አብሮ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ይናገራል። «ይህ ሥዕል ነው» ሲል የኛ ስክሪን ሥዕል ያሳያል፤ «ይህ ድምፅ ነው» ሲል ያሰማል።

«ታዲያ እንዴት ያውቃል? ከፍቶ ያዳምጣል?» አልኋት።

«አታዳምጥም። ቅጥያዋን ብቻ ነው የምታየው። ሰንጠረዥ አላት፣ በግራ ቅጥያ፣ በቀኝ ዓይነት። ኤም ፒ ስሪ ሲመጣ፣ ድምፅ። ጄፔግ ሲመጣ፣ ሥዕል።»

«ከሰንጠረዡ የሌለ ሲመጣስ?»

«ለማታውቀው ሁሉ የሚሆን አንድ ስም ይሰጣታል። የኛዋ ‹ጽሑፍ በዪው› ተብላ ነው የተቀመጠችው። የእህትዎ ቅጥያ ከሰንጠረዡ የለችም፤ ስለዚህ ‹ጽሑፍ ነው› ብላ ሰጠች። የኛም ስክሪን አምና ድምፁን እንደ ፊደል ልታነበው ሞከረች። ያ ቅራቅንቦ ይኸው ነው።»

«ሳያዳምጧት?»

«ሳያዳምጧት።»

ሰዓዳ አንድ ጊዜ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ክሩ የሚጠመጠምበት ቦቢን ቀለም ነበረው፤ ቀዩ ለአንሶላ፣ አረንጓዴው ለአቡጀዲ፣ ቢጫው ለፎጣ። ጋሪ ገፊው ክሩን አይዳስስም፤ ቀለሙን አይቶ፣ በሽመናው ክፍል በር ከተሰቀለው ሰሌዳ ጋር አመሳክሮ ይወስዳል። አንድ ቀን ሐምራዊ ቦቢን ከመጋዘን ወጣ። ሰሌዳው ላይ ሐምራዊ የለም። ገፊው ጋሪውን በሙሉ ወደ ውዳቂ ጥጥ ክፍል ወስዶ ገለበጠው። ሰዓዳ ሮጣ ብትደርስ ተቆራርጧል። «ምርጥ ክር ነበር፣ ዘምዘሜ፣ ቀኑን ሙሉ የቀጠልሁት» ብላ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

«እንግዲያው ደህና ናት በዪኛ!» አልኋት ተዋበችን።

«አልልም፣ እማማ።» ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። «ጥፋቷ የቅጥያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእውነትም መንገድ ላይ ተበላሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ይሆናል። ሰርቨሯ ሳታዳምጥ ተናገረች፣ ልጁ ሳያዳምጥ ጻፈ። እኔም ሳላዳምጥ ደህና ናት ብል ሦስተኛ እሆናለሁ። አሁን ወደዚህ አውርጃት—»

መብራት ጠፋ። ሥር ሱቅ ያለው ሰውዬ «ኧረ ወየው!» አለ። ኮምፒውተሩ ጥቁር ሆነ።

«ሄደች» አለች ተዋበች ስለ መብራቱ። «ነገ እደውላለሁ። እስከዚያ ማንም አያጠፋትም፤ ቁልፏ እኔ ዘንድ ናት። አብሽሩ፣ እማማ።»

በአራዳ ቁልቁል ወደ ቤቴ ወረድሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የሰው ክፋት ብቻ ነበር የታየኝ። አሁን ሌላ ነገር ገባብኝ። ቢበላሽስ? እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ሰው ሲዋሽባት ልከራከርላት እችላለሁ፤ እውነት ከሆነ ግን ከማን ጋር ልከራከር? ፒያሳ፣ ካሴት ቤቱ በነበረበት ቦታ የባንክ በር ላይ ቁጭ አልሁ። ዘበኛው «እማማ፣ አመምዎት?» አለኝ። «ትንሽ ልረፍ» አልሁት። ሰዓዳ በመጨረሻው ጊዜ ሳሉ ሲበረታባት ከኮምቦልቻ በጎረቤት ስልክ የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር፤ እኔ ማንበብ እንደሚያደክመኝ ታውቃለች። የላከችው ሁሉ ጠፍቶ ያቺ አንዷ ብቻ ቀርታለች።

ከዚያ ዓረፋ ብዙ ዓመት በኋላ አባታችን ሲሞት ሰዓዳ ኮምቦልቻ ነበረች። እናታችን ሣጥኗን ከፍታ ያንን አቡጀዲ አወጣች፤ ስንት ዓመት ሳይቀደድ የተቀመጠውን። ማንንም አላማከረች። «ከፈኑ ይህ ነው» አለች። ከመንደሩ ወንዶች አንዱ ከየት እንደመጣ ጠየቃት። «ከልጁ» አለችው። ሰዓዳን በሕይወት ሳለ ያልተቀበላት ሰው፣ እሷ ምናልባት በገዛ ጣቷ የቀጠለችውን ክር ለብሶ መሬት ገባ። ለሰዓዳ ነገርኋት። «ሰላምታዬን ግን አልመለሰም» አለች። ይህን ካለች በኋላ ስለ አባታችን ተናግራ አታውቅም።

ጠዋት ላይ ስልኬ ጮኸ። ተዋበች ናት።

«እማማ ዘምዘም፣ ተቀምጠዋል?»

«ተቀምጫለሁ። ንገሪኝ፤ አታባብዪኝ።»

«ቆይ ስልኳን ላስጠጋት።»

አንድ ነገር ኮሽ አለ። ከዚያ ሳል መጣ። ያ ሳል ነው፤ ግድግዳው ቢደረመስብኝ የማውቀው። ከሳሉ በኋላ እህቴ እንዲህ አለች፦

«አሰላሙ ዓለይኪ፣ ዘምዘሜ። ድምፄ ተበላሽቷል አትበይኝ፣ ሳሉ ነው። ቆይ፣ ፈረቃ ላይ እየሮጥሁ የምላትን ልበልልሽማ…»

እየሳቀች፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ አለችው፦

ያገሩን ሁሉ ክር እየቀጠልሁት፣
የኔን ብቻ ጫፉን ፈልጌ አጣሁት።

«ወዓለይኪ ሰላም፣ እህቴ» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፤ ልጆቹ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ወዓለይኪ ሰላም ወረሕመቱላህ።» ለኔ፣ ለእናቴ፣ ግራሩ ሥር ፊቱን ላዞረው፣ በአዳራሹ ሳይሰሟት ለሳቁት፣ ለሁሉም ምትክ መለስሁላት። 

ተዋበች ትንሽ ቆይታ ወደ ስልኩ ተመለሰች። ሰንጠረዡ ላይ አንዲት መስመር እንደጨመረችበት፣ ከእንግዲህ ያ ቅጥያ ሲመጣ ሰርቨሩ «ድምፅ ነው» እንደሚል፣ ቀስቷም ከሰዓዳ ስም ጎን እንደተቀመጠች ነገረችኝ። ጋሽ ይመርም በሚቀጥለው ስብሰባ በአዳራሹ ሊያሰማት ቃል ገብቷል አለችኝ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። እኔ የፈለግሁት ግን ሌላ ነበር።

«ተዋበች፣ ያን ቃል አንሥተሽዋል። ማንሣት አይበቃም። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ይንገረኝ። ተበላሽታ ነበር ወይስ አልነበረችም?»

ስለ ፋይሉ እንደምትነግረኝ አውቃለሁ። ዕቃን ሁሉ በሴት የመጥራት ጠባይዋንም አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን መልስ ለመስማት እርጉዝ ሆኜ በጭነት መኪና ኩታበር ድረስ ወጥቼ ነበር፤ ያኔ ሊመልስልኝ የሚገባው ሰው «አንድ ጊዜ ተብሏል» ብሎኝ ሙስበሃውን ቆጠረ። ስለዚህ ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጥብቄ ያዝሁት።

«አልተበላሸችም፣ እማማ» አለችኝ። «መጀመሪያም ደህና ነበረች። ያላወቅናት እኛ ነን።»